አይገባኝም

(ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የእሁድ ከሰዓት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ አምስት ወንበር ባዶ ነው። የፊት ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ነው። "ለትልልቅ ሰዎች ነው" እያልን በሩ ላይ ተደግፈን እንቆማለን። አስተናጋጁ እጃችንን ይዞ ቢጎትተን እንኳ "ኧረ እዚሁ ይሻለኛል" እንላለን። የዛሬው ወሬዬ ከዚህ ወንበር ብዙም አይርቅም።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከ20 ዓመት በላይ የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ጸጋ ተናገርልን" ሲሉኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። በእኛ ሙያ ጸጋ የሚባል ነገር የለም። አንድ ብር ከገባ ከየት እንደመጣ ይጻፋል። ዴቢት ካለ ክሬዲት አለ። ሁለቱ እኩል ካልመጡ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ ልዩነቱ እስኪገኝ ይመሻል። የሚገርመው ግን ይህን አመዘጋገብ እ.ኤ.አ በ1494 ቬኒስ ላይ አሳትሞ ለዓለም ያብራራው ሉካ ፓቾሊ የሚባል መነኩሴ ነው። ያውም የፍራንቸስካውያን መነኩሴ፤ ድህነትን መርጦ የማለ ሰው። ነጋዴዎቹ ሲሠሩበት ያየውን ነው የጻፈው። ጸሎቱን ሲያደርስ ያ መዝገብ ትዝ ይለው ነበር ይሆን እላለሁ አንዳንዴ። እኔን ትዝ ይለኛል። ችግሬም ይኸው ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር አሞኝ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ባለቤቴ ያኔ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበረች። ከሆስፒታል ስወጣ ጎንበስ ማለት አልችልም፤ ጀሪካን ማንሳት አልችልም። ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚህ ውስጥ ሳይኖሩ አይቀሩም። ጠዋት አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ይመጣሉ። ቀን ሾርባ። ማታ ልጃቸውን "ሂድና እየው" ብለው ይልካሉ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ አደረጉ። ቁጥሩን እንዴት አወቅክ አትሉኝም? ጽፌዋለሁ።

ትራሴ ሥር ደብተር ነበረኝ። "ሰኞ፦ አጥሚት፣ አንድ ፔርሙዝ። ማክሰኞ፦ የዶሮ ሾርባ፤ ዶሮው ግማሽ ሳይሆን አይቀርም።" ከጎኑ የገበያውን ዋጋ በግምት። እግሬ ሲጠነክር ደመርኩት። ሁለት ኪሎ ቡና፣ አምስት ኪሎ ስኳር ገዛሁ። የቀረውን ፖስታ ውስጥ ከተትኩና ፔርሙዙን ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ።

ፖስታውን ከፍተው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ምግብ ቤት ከፍቻለሁ እንዴ?"

ቡናና ስኳሩን ተቀበሉ፤ ፖስታውን መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። እኔም በበኩሌ ተናደድኩ። ምን አጠፋሁ? ከፈልኩ እንጂ አልሰረቅኩ! ቆይቶ ነው የገባኝ። እሳቸው ልጅ አድርገውኝ ነበር፤ እኔ ደንበኛ ሆኜ መጣሁ።

ይህ የእኔ ብቻ በሽታ ቢሆን እዚህ ቆሜ አላወራም ነበር። አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ እንሄዳለን፤ አራት ጓደኛሞች። ጥብሱም ጉላሹም በሰላም ይበላል። ሒሳብ ሲመጣ ጦርነት ነው። "በሞቴ!" "ኧረ እኔ ነኝ!" አንዱ ብልጥ "እጄን ልታጠብ" ብሎ ተነስቶ፣ ከፍሎ ይመለሳል። የተከፈለለት ሰው ደስ ሊለው ሲገባ ተሸንፎ ይወጣል፤ "የሚቀጥለው የኔ ነው" ብሎ አስምሎ። አባ ኮዳ የሚባለው ትልቁ ወፍ ደግሞ እዚያው አጠገባችን ቆሟል። ዓሣ አጥማጁ አንጀት ሲወረውርለት "በልቼ ነው የመጣሁት" አይልም። ጎረስ አድርጎ ሌላ ይጠብቃል። ለጋሶች ስለሆንን ነው የምንጣላው እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የሚሰጥ እጅ ከላይ፣ የሚቀበል እጅ ከታች ስለሆነ ነው። ከታች መሆን ማናችንም አንወድም።

ሠርግ ቤትም በር ላይ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ። ማን ስንት እንደሰጠ ይጻፋል፤ የሰጪው ልጅ ሲያገባ ደብተሩ ይገለጣል። "ብድር በምድር" ነው ነገሩ። ክፉ ነው አልልም። እቁቡም እድሩም የቆመው በዚህ ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ በሰዓቱ የሚደርሰው በዚህ ነው። ግን እድር ጸጋ አይደለም። መዋጮ ያልከፈለ ይቀጣል፤ ከባሰም ይሰረዛል። ይህን ለምደን ስላደግን እግዚአብሔርንም እንደ እድር ዳኛ እናየዋለን። መዋጮዬ ስንት ወር አለፈ? ቅጣቱ ስንት ደረሰ?

ቋንቋችን ግን ከእኛ ቀድሞ አንድ ነገር የገባው ይመስለኛል። "እግዜር ይስጥልኝ" ስንል ምን እያልን ነው? እኔ መክፈል አልችልም፤ እሱ በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት እኮ ነው። ዕዳውን ወደ ላይ አሳልፎ መዝገቡን መዝጋት ነው። ዛሬ ዛሬ ከተማ ውስጥ "አመሰግናለሁ" በዝቷል። ጥሩ ነው፤ ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ የድሮው ይበልጥብኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እንደዋሸሁ ይቆጠራል። ስጦታ የሚያስፈራን በኩራት ብቻ አይደለም። ስንቱ ሰው ተሰጥቶት ተቃጥሏል። አጎትህ ያስተምርሃል፤ ከዚያ ዕድሜህን ሙሉ፣ በሰው ፊት፣ "ማን ሰው አደረገህ?" ይልሃል። ዘመድ ቤት ተቀምጣ የተማረች ልጅ አለች፤ የበላችው እንጀራ ሲቆጠርባት ነው ያደገችው። እንዲህ ያለ ሰው "በነጻ ነው" ሲባል በሩን ቢዘጋ አልፈርድበትም። "የሰው ውለታ አልወድም" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ጠባሳ አለው። እግዚአብሔርም እንደ አጎቱ አንድ ቀን የሚያነሳበት ይመስለዋል። ያዕቆብ በመልእክቱ 1:5 ላይ "ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን" ይላል። በልግስና የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የሚያቆመኝ "ሳይነቅፍ" የምትለዋ ናት። ሰጥቶ የማያነሳ ሰው ያልገጠመው ሰው ይህችን ቃል በአንድ ጊዜ ላያምናት ይችላል። አታጣድፉት።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰዎች ሁሉ ለእኔ የሚቀርበኝ ንዕማን ነው። 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5። የሶርያ ንጉሥ የጦር አለቃ ነው፤ ግን ለምጻም። ወደ እስራኤል ሲመጣ አሥር መክሊት ብር፣ ስድስት ሺህ ወርቅና አሥር መለወጫ ልብስ ይዟል። አንድ መክሊት ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ብሩ ብቻ ከ300 ኪሎ ያልፋል ማለት ነው። ለፈውሱ በጀት አስጸድቆ የመጣ ሰው ነው። ኤልሳዕ ግን ከቤት እንኳ አልወጣለትም፤ በመልእክተኛ "ሂድና በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ" አለው። ንዕማን ተቆጣ። የደማስቆዎቹ አባናና ፋርፋ አይሻሉም ወይ አለ። የተቆጣው በውሃው አይመስለኝም። ነገሩ በጣም ስለቀለለበት ነው። ይህን ያስተዋሉት አገልጋዮቹ ናቸው፤ ነቢዩ ትልቅ ነገር ቢያዝህ ኖሮ ታደርገው አልነበረም ወይ አሉት።

እኛም ትልቅ ነገር ብንታዘዝ ይቀለናል። ታቦር ተራራን በባዶ እግር ውጡ ብንባል ነገ ጠዋት ሰልፍ ነው። (ጾምና ስግደትን እያናናቅሁ አይደለም። እኔም እጾማለሁ። እንደ ክፍያ ሲቆጠር ነው ነገሩ የሚበላሸው።)

ሰውየው ታጥቦ ዳነ። ተመልሶ ብሩን አቀረበ። ኤልሳዕ ምሎ አልቀበልም አለ። ንዕማን ግድ አለው፤ እምቢ አለ። እስከዚህ ድረስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቁጥር 17ን ግን ስንት ዓመት ሳነበው ኖሬ ያየሁት አምና ነው። ንዕማን ምን አለ? እንግዲያው ሁለት የበቅሎ ጭነት አፈር ይሰጠኝ አለ። አያችሁ? ሊከፍል የመጣው ሰው ለማኝ ሆነ። ያውም የለመነው አፈር ነው። ከለምጹ የነጻው ቁጥር 14 ላይ ነው። ከመዝገቡ የነጻው ግን ቁጥር 17 ላይ ይመስለኛል።

ግያዝስ? የኤልሳዕ ሎሌ ተከትሎ ሮጦ፣ ዋሽቶ፣ ሁለት መክሊትና ሁለት ልብስ ተቀበለ። በነጻ የተሰጠውን በጓሮ በር ሸጠው። ለምጹም ተጣበቀበት። ዘይትና ውሃ በዋጋ የሚሸጡልን፣ "ዘር ዝራ፣ ታጭዳለህ" እያሉ የባንክ ሒሳብ ቁጥር የሚያነቡልን ወገኖች ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ቢያነቡት እመኛለሁ። ግን እነሱ የሚሸጡት ገዢ ስላለ ነው። ገዝቶ መውጣት ተቀብሎ ከመውጣት ይቀላል። ደረሰኝ አለህ፣ አንገትህን አትደፋም።

አሁን ወደ ርእሴ ልምጣ። "አይገባኝም" በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንዱ "አልረዳውም" ነው። ሌላው "የምበቃ ሰው አይደለሁም" ነው። ሁለቱም "ገባ" ከሚለው የመጡ ናቸው። ጸጋ በሁለቱም በኩል አልገባን ብሎ በር ላይ ቆሟል።

ሉቃስ 15 ላይ የጠፋው ልጅ አሳማ እየጠበቀ ንግግር ያዘጋጃል። "ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ።" ሞያተኛ ማለት እዚህ ላይ በደመወዝ የሚያድር ሠራተኛ ነው። ልጁ ዕቅድ አለው፤ ሠርቶ ሊከፍል ነው። የእኔን ፖስታ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁጥር 21 ላይ አባቱ ፊት ቆሞ ንግግሩን ጀመረ። በደልሁ አለ። "ልጅህ ልባል አይገባኝም" አለ። እዚያው ቆመ። የሞያተኛዋ ዓረፍተ ነገር የለችም። አባቱ ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ እያለ አገልጋዮቹን ማዘዝ ጀምሯል። ሰው ሲናገር ጣልቃ መግባት ነውር ነው ተብለን ነው ያደግነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን ልጁ ንግግሩን ቢጨርስ ኖሮ ታሪኩ የሥራ ማመልከቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ታላቅየው ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ያው ነው። "ይህን ያህል ዓመት እንደ ባሪያ ተገዝቼልሃለሁ" ይላል። ቆጥሮታል። ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ደብተር ነው የያዙት፤ አንዱ ተበዳሪ ነኝ ይላል፣ አንዱ አበዳሪ።

ብላቴናው ታሞበት ወደ ኢየሱስ የመጣው የመቶ አለቃም "አይገባኝም" ብሏል። ማቴዎስ 8፦ "በቤቴ ጣራ ከታች ልትገባ አይገባኝም፤ ነገር ግን ቃል ብቻ ተናገር።" ይህችን "ነገር ግን" አትዝለሏት። የእኛ "አይገባኝም" አራት ነጥብ አለው፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። የእሱ ገና አላለቀም። አይገባኝም ብሎ፣ ያንኑ የማይገባውን ይለምናል። ጴጥሮስ ግን ኢየሱስ እግሩን ሊያጥበው ሲጎነበስ "የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም" አለ። ሲሰሙት ትሕትና ይመስላል። መልሱ ለስላሳ አልነበረም፤ "ካላጠብሁህ፥ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም" ተባለ።

እዚህ የተሰበሰብነው ከተለያየ ቤት ነው። ገብርኤልን የሚሳለም አለ፤ መካነ ኢየሱስ ያደገ አለ፤ ሙሉ ወንጌል የሚዘምር አለ። ይህች በሽታ ግን አንድ ታደርገናለች። ኦርቶዶክሱ "አልበቃሁም" እያለ ከቁርባን ይሸሻል። በሕፃንነቱ ቆርቧል፤ ሲያረጅ ይመለስበታል፤ መሐሉ አርባ ዓመት ባዶ ነው። ንስሐ ያስፈልጋል፤ አዎ። ግን በቅዳሴ ካህኑ "ቅድሳት ለቅዱሳን" ሲል ሕዝቡ ምን ይመልሳል? "እኛ ቅዱሳን ነን" አይልም። "አሐዱ አብ ቅዱስ፣ አሐዱ ወልድ ቅዱስ፣ አሐዱ ውእቱ መንፈስ ቅዱስ" ነው መልሱ። ፕሮቴስታንቱ ደግሞ በጸጋ ድናችኋል የሚለውን ኤፌሶን 2:8ን በቃሉ ይዞታል። አንድ ቀን ሲወድቅ ግን ከመዘምራን ይጠፋል፣ ስልክ አያነሳም። "ራሴን ላስተካክልና እመለሳለሁ" ይላል። ታጥቤ ነው ሻወር የምገባው እንደሚል ሰው ማለት ነው።

ቅድም በር ላይ አንድ ወንድም ጠይቆኝ ነበር። "ሁሉ በነጻ ከሆነ ሰው አይሰንፍም ወይ?" አለኝ። ጥያቄው የቆየ ነው፤ ጳውሎስም ሮሜ 6 ላይ ያነሳዋል። እኔ የማውቀው ያን አጥሚት ጠጥቼ እንዳልሰነፍኩ ነው። ግቢያችን ውስጥ ማን እንደታመመ ማወቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። በፊት የማውቀው የውሃ ሒሳብ ያልከፈለውን ነበር።

የወይኑ አትክልት ሠራተኞችን ምሳሌም አስቡት። ጠዋት ጠዋት አደባባይ ላይ አካፋ ይዘው የሚጠብቁትን የቀን ሠራተኞች ታውቋቸዋላችሁ። በማቴዎስ 20 የመጨረሻዎቹ የተቀጠሩት በ11 ሰዓት ነው። ፈረንጅ ይህን ለመረዳት ሰዓት መቀየር አለበት፤ ለእኛ የራሳችን 11 ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ሐይቁ ላይ ልትወርድ ስትዘጋጅ። አንድ ሰዓት ሠርተው የሙሉ ቀን ዲናር ተቀበሉ። የሚያጉረመርሙት ከጠዋት ጀምሮ የደከሙት ናቸው። ልክ ናቸው! እንደ ሒሳብ ሠራተኛ እፈርምላቸዋለሁ። እኔ ግን ስለ 11 ሰዓቶቹ አስባለሁ። ዲናሩ እጃቸው ላይ ሲያርፍ ምን አሉ? "ተሳስታችኋል፣ መልስ አለው" ያለ ይኖር ይሆን?

አባቶቻችን ለመቀበል ትምህርት ቤት ነበራቸው ብል ታምኑኛላችሁ? የቆሎ ተማሪ። ወላጁ ባለጸጋ ይሁን ድሃ፣ ከአገሩ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። ውሻ ያባርረዋል። የደረቀ ቁራሽ ይሰጠዋል። ቅኔውን ከመምህሩ ይማራል፤ መቀበልን ከሰው ደጅ። ነገ ቆሞ ሲያስተምር እንጀራው ከየት እንደመጣ እንዳይረሳ ይመስለኛል።

ደግሞ ለማኝን ምን እንለዋለን? "የኔ ቢጤ"። እስቲ ቀስ ብላችሁ በሉት። እንደ እኔ ያለ፣ የእኔ እኩያ። ባጃጅ ውስጥ ሆነን በየቀኑ እንጠራዋለን፤ አንሰማውም። ማርቲን ሉተር እ.ኤ.አ በ1546 ሲሞት ከመጨረሻ ጽሑፉ ላይ የተገኘው "ለማኞች ነን፤ ይህ እውነት ነው" የሚል ቃል ነበር። ትልቁ ሊቅ በመጨረሻ የጻፈውን የእኛ እናቶች ገበያ ሲሄዱ ይሉታል።

አንድ ቃል ልጨምር። "ሀብት"። በግእዝ "ወሀበ" ሰጠ ነው፤ "ሀብት" ስጦታ ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ ስንል ገንዘብ እያነሳን አይደለም። እኛ ጋ ሲደርስ ቃሉ ተገልብጦ "የኔ ንብረት" ሆነ። እኔ በየዓመቱ "የሀብትና ዕዳ መግለጫ" አዘጋጃለሁ። በግእዝ ጆሮ ከሰማችሁት የስጦታና ዕዳ መግለጫ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ስፈርም ፈገግ እላለሁ፤ አለቃዬ ምን እንደሚያስቀኝ አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጎረቤቴ ናቸው። ሳህን ይዘዋል፤ በጨርቅ ተሸፍኗል። እጄ ወደ ኪሴ ሲሄድ ያዝኩት። በሁለት እጄ ተቀበልኩ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም። እሳቸው ትንሽ ቆም አሉ፤ ፖስታ የሚጠብቁ ይመስል። ከዚያ ሳቁና "በል ሳይቀዘቅዝ ብላ" ብለውኝ ሄዱ።

ሳህኑ እስካሁን ኩሽናዬ ውስጥ ነው። እናቴ የሰው ዕቃ ባዶውን አትመልስም ነበር። ባዶውን ልመልሰው ወይስ አንድ ነገር ጣል ላድርግበት እያልኩ ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ። ደብተሩንም አልቀደድኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ሽታው መጣ። ማን እንደከፈለ እኔም አልጠየቅሁም። ከኋላ ያላችሁ ቅደሙ።